ቫይረስ ነው ባክቴሪያ? የአዛውንቶችን የደም ውጤት እንዴት እናንብበው

አያቴ 81 ዓመታቸው ነው። ባለፈው የጉንፋን ወቅት ከአልጋ ሲነሱ ወደቁ። ሳል የለም፣ ንፍጥ የለም። ቴርሞሜትሩ 37.3 ስላለ "ትኩሳትም የላቸውም" ተባለ። ነጭ የደም ሴላቸው ልክ ነው። ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ መቆጣት ሲኖር ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) 18 ወጣ፣ "ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ዕድሜም ይሆናል" ተባለ። ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ታየ። በቃ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸውና ወደ ቤት ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫቸው ናሙና ሲወሰድ ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ተገኘ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በደንብ የሚሠራበት የመጀመሪያው 48 ሰዓት ግን አልፎ ነበር።

እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። እስካሁን የሚቆጨኝ ነገር ፍንጩ መጀመሪያውኑ ወረቀቱ ላይ መኖሩ ነው። ሊምፎሳይታቸው፣ ከነጭ የደም ሴል ዓይነቶች አንዱ፣ በማይክሮሊትር 600 ነበር፣ ከ1,000 መውረድ አልነበረበትም። በጤናቸው ቀን ሙቀታቸው 36.1 ነው፣ ስለዚህ 37.3 ለእሳቸው ትኩሳት ነው። ወረቀቶቻቸውን በሚያስቀምጡበት ፌስታል ውስጥ ደግሞ ከስድስት ወር በፊት የተሠራ ሲአርፒ ነበር፤ 3 ይላል። ከ3 ወደ 18 ማለት ስድስት እጥፍ ነው። "ዕድሜ" አይባልም።

ይህን የምጽፈው አዛውንት ለሚያስታምሙ ሰዎችና ጀማሪ የጤና ባለሙያ ለሆኑ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ራሳችሁ መድኃኒት እንድታዙ አይደለም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ቫይረሱን መፈለግና ሰውነትን መጠየቅ

ቫይረስ መኖሩን የምናውቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ራሱን ቫይረሱን መፈለግ ነው፣ ፒሲአርና አንቲጂን ምርመራ የሚሠሩት ይህን ነው። ሁለተኛው ሰውነትን "ከማን ጋር እየተዋጋህ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። የበሽታ መከላከያ ጠቋሚዎች የምንላቸው ለዚህ ጥያቄ የሚመጡ መልሶች ናቸው፤ ደም ውስጥ ወይም አፍንጫ ውስጥ የሚለኩ ፕሮቲኖች፣ ሴሎችና አንቲቦዲዎች (ሰውነት አንድን ተሕዋስ ለይቶ ለመዋጋት የሚሠራቸው ፕሮቲኖች)።

ፒሲአር እያለ ይህ ሁሉ ለምን? ጥሩ ጥያቄ ነው። ፒሲአር የሚያገኘው የተነገረውን ብቻ ነው። አምስት ቫይረስ የሚፈልግ ምርመራ ስድስተኛውን አያየውም። ናሙናው በደንብ ካልተወሰደም ያመልጠዋል፤ ግራ የተጋባን አዛውንት አፍንጫ ውስጥ ጥጥ በደንብ ማስገባት ደግሞ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። የአንቲጂን ምርመራ ይብሳል። በተለይ አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ በአዋቂዎች አፍንጫ ውስጥ መጠኑ ከሕፃናት ያነሰ ስለሆነ፣ ፈጣኑ ምርመራ "የለም" ቢልም አትመኑት። በተቃራኒው ደግሞ ፒሲአር የሞተ ቫይረስ ርዝራዥም ያነሳል። ኮቪድ ከዳነ ሰው ላይ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ታዲያ የዛሬው ሕመም ከዚያ ነው ወይስ ከሌላ? ይህን ሊነግረን የሚችለው ሰውነት ነው።

የሰውነት መልስ ከቫይረስና ከባክቴሪያ ጋር ይለያያል። ቫይረስ ሴል ውስጥ ሲገባ ሴሉ ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ ፕሮቲን ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1957 አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ለንደን ውስጥ ያገኙት ነው፤ በሙቀት የሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የነካው የእንቁላል ሽፋን በኋላ ሕያው ቫይረስ ሲመጣበት እንደሚቋቋም አይተው። ይህ ማንቂያ ሲደወል ጎረቤት ሴሎች ፀረ ቫይረስ ፕሮቲኖችን ያመርታሉ። ባክቴሪያ ሲሆን ደግሞ የጉበት ፕሮቲኖችና ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግንባር ይቀድማሉ። የምንለካው ይህን ልዩነት ነው።

አዛውንቶች ላይ ችግሩ ሁለት ነው፤ የማንቂያው ድምፅ ይደክማል፣ ከጀርባ ደግሞ የማያባራ ጫጫታ አለ። ድምፁ የሚደክመው መከላከያው ስላረጀ ነው። ጫጫታው ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ዝቅተኛ የማያቋርጥ መቆጣት ነው። ክላውዲዮ ፍራንቸስኪ የተባሉት ጣሊያናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንፍላሜጂንግ ብለው ስም አወጡለት። መገጣጠሚያ፣ ድድ፣ የልብ ድካም፣ የእግር ቁስል፣ ሁሉም ጫጫታው ላይ ይጨምራሉ። ለወጣት የወጣ መለኪያ እዚህ ላይ እንዳለ ሲገለበጥ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ደም ከመቀዳቱ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ

ቀኑን ጻፉ። ሕመሙ መቼ ጀመረ? አዛውንቶች ላይ የመጀመሪያው ቀን ሳል የጀመረበት ቀን ላይሆን ይችላል። ምግብ የገፉበት ቀን፣ ስም የተምታታባቸው ቀን፣ የወደቁበት ቀን፣ ሽንት ያመለጣቸው ቀን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን በእነዚህ በር ነው የሚገባው። እያንዳንዱ ጠቋሚ የራሱ ሰዓት ስላለው ቀኑን ሳታውቁ ቁጥሩን ማንበብ ትርጉም የለውም።

ወትሮውን ጻፉ። ከባድ ኢንፌክሽን ካለባቸው አዛውንቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ትኩሳት አያሳዩም ወይም የሚያሳዩት በጣም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በእንክብካቤ ተቋማት ለሚኖሩ አዛውንቶች ለየት ያለ መለኪያ ያስቀመጠው፤ በአፍ ሲለካ አንድ ጊዜ ከ37.8 በላይ፣ ወይም ደጋግሞ ከ37.2 በላይ፣ ወይም ከራሳቸው ወትሮ በ1.1 ዲግሪ ከፍ ካለ ትኩሳት ነው ይላል። አያቴን አስቡ። 37.3 ከ36.1 ሲቀነስ 1.2 ነው። ግን የደህና ቀን ሙቀታቸውን የጻፈ ሰው ከሌለ ይህን ሒሳብ ማን ይሠራዋል? ቤት ያለ አዛውንት ደህና በሆነ ሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩና የሆነ ቦታ ጻፉት። የድሮ የላቦራቶሪ ወረቀት ካለም አትጣሉት።

መድኃኒቱን ጻፉ፣ ሁሉንም። ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ (ስቴሮይድ የሚባሉት) ትኩሳትን ይደብቃሉ፣ ነጭ የደም ሴልን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሊምፎሳይትን ደግሞ ይቀንሳሉ። ማለትም በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ ያታልላሉ። ቶሲሊዙማብ የሚባለው ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጥ መርፌ ጉበት ሲአርፒ እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት ራሱን ይዘጋል፤ ሰውየው በሳንባ ምች ተይዞ እንኳ ሲአርፒው ምንም እንዳልተፈጠረ ሊተኛ ይችላል። ሪቱክሲማብ አንቲቦዲ የሚያመርቱትን ሴሎች ስለሚያጠፋ "አንቲቦዲ አልተገኘም" የሚለው ውጤት እዚያ ሰው ላይ ዋጋ የለውም። እነዚህን ሳልጠይቅ ውጤት ማብራራት ካቆምኩ ቆየሁ።

ሲአርፒ፦ ሁሉም የሚያዘው፣ ጥቂቱ የሚያነበው

ሲአርፒን እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ አገኙት። የሚሠራው ጉበት ነው። መቆጣት ከጀመረ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ መውጣት ይጀምራል፣ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ከ36 እስከ 50 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ምክንያቱ ሲጠፋ ደግሞ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይወርዳል። እነዚህን ሰዓቶች በቃላችሁ ያዙ። ጠዋት የታመመ ሰው ከሰዓት በኋላ ሲአርፒው 12 ቢሆን ገና መንገድ ላይ ነው፣ ምንም አልነገራችሁም።

ከሁሉ በፊት ግን መለኪያውን እዩ። አንዳንድ ላቦራቶሪ በሚሊግራም በሊትር ይጽፋል፣ አንዳንዱ በሚሊግራም በዴሲሊትር። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። በዴሲሊትር 8 ማለት በሊትር 80 ነው። ሁለት ቦታ የተሠራ ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አድርገው "ከ80 ወደ 8 ወረደልን" ብለው የተደሰቱ ሰዎች አይቻለሁ፤ አልወረደም ነበር። ለልብ በሽታ ስጋት የሚሠራው "ረቂቅ ሲአርፒ" (hs-CRP) ደግሞ ያው ፕሮቲን ነው፣ ዝቅተኛውን መጠን ለመለካት የተዘጋጀ ነው እንጂ ለኢንፌክሽን የተሻለ አይደለም።

ቁጥሩስ? ናይስ የተባለው የሕክምና መመሪያ የሚያወጣ የእንግሊዝ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ የደረት ኢንፌክሽን ምልክት ኖሮበት ሳንባ ምች መሆኑ ላልለየለት አዋቂ እንዲህ ብሎ ነበር፤ በሚሊግራም በሊትር ከ20 በታች ከሆነ አንቲባዮቲክ በልማድ አትስጡ፣ ከ20 እስከ 100 ከሆነ ካልተሻለው የሚጀምረው ማዘዣ ስጡ፣ ከ100 በላይ ከሆነ ስጡ። ጥሩ መነሻ ነው። ግን አዛውንት ላይ ሁለቱም ጫፍ ያንሸራትታል። መገጣጠሚያቸው የተቆጣ ሰው ያለ ምንም ኢንፌክሽን 25 ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ጉበታቸው የደከመ ደግሞ በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜም የሚገባውን ያህል ላያወጡ ይችላሉ። ሌላው በደንብ መታወቅ ያለበት፣ ከፍተኛ ሲአርፒ ባክቴሪያ ማለት አይደለም። ከባድ ኮቪድ ከ100 በላይ ያወጣዋል፣ ኢንፍሉዌንዛም አንዳንዴ እንዲሁ። ስለዚህ ዝቅ ያለ ሲአርፒ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ባክቴሪያን ያርቃል፣ ከፍ ያለው ግን ቫይረስን አያርቅም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

የኔ ምክር፦ በአንድ ሲአርፒ አትፍረዱ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ይደገም። አቅጣጫው ከቁጥሩ በላይ ይናገራል።

ፕሮካልሲቶኒን በአጭሩ

ይኸኛውም ደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው፣ ግን ለባክቴሪያ የበለጠ ያደላል። ቫይረስ ሲገባ የሚመረተው ጋማ ኢንተርፌሮን የፕሮካልሲቶኒንን ምርት ያፍነዋል፣ ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። በሚሊሊትር ከ0.1 ናኖግራም በታች ከሆነ ባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፣ ከ0.25 በላይ መጠርጠር ይጀመራል፣ ከ0.5 በላይ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሲአርፒ ቀድሞ ይወጣል፣ በአንድ ቀን ገደማም በግማሽ ይወርዳል።

አዛውንት ላይ ትልቁ ወጥመድ ኩላሊት ነው። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ያለ ኢንፌክሽንም ከፍ ያለ ፕሮካልሲቶኒን ይዘው ይኖራሉ። ስለዚህ የክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ውጤቱን ጎን ለጎን ሳታዩ አታንብቡት። ትልቅ ቀዶ ሕክምናና ከባድ አደጋም ያወጡታል። ራጅ ላይ ሳንባ ምች የታየበት ሰው ደግሞ "ፕሮካልሲቶኒኑ ዝቅ ስላለ" ተብሎ አንቲባዮቲክ መከልከል የለበትም፤ የአሜሪካ የሳንባና የተላላፊ በሽታዎች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ያወጡት መመሪያ ይህን በግልጽ ብሎታል።

ሲቢሲን አትናቁት

ሲቢሲ የደም ሴሎችን በየዓይነታቸው የሚቆጥረው ምርመራ ነው። ርካሽና የተለመደ ስለሆነ ማንም በወጉ አያየውም። አጠቃላይ የነጭ ሴል ቁጥሩን አይተው ወረቀቱን ያጥፋሉ። እናንተ ወረድ በሉ። ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት በመቶኛ ሳይሆን በትክክለኛ ቁጥር የተጻፉበትን መስመር ፈልጉ። ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ሊምፎሳይትን ያወርዳሉ። ነጭ ሴሉ "ልክ" ሆኖ፣ ሊምፎሳይቱ ከ1,000 በታች ሆኖ፣ ኒውትሮፊሉ ደግሞ ያልዘለለ ከሆነ ቫይረስን ጠርጥሩ። ጠርጥሩ ነው ያልኩት። ስቴሮይድም፣ ከባድ ባክቴሪያም፣ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰውነትም ሊምፎሳይትን ያወርዳል፣ አንዳንድ አዛውንት ደግሞ ወትሮውንም ዝቅ ያለ ነው። አሁንም የድሮው ወረቀት።

ኒውትሮፊሉ ከፍ ብሎ ያልበሰሉ ሴሎችም ከታዩ ግን ሚዛኑ ወደ ባክቴሪያ ያዘነብላል። አዛውንት ላይ አጠቃላይ ቁጥሩ ሳይጨምር ያልበሰሉት ብቻ ሊበዙ ስለሚችሉ፣ ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ሰው በማይክሮስኮፕ ያየው ውጤት ካለ ጠይቁ።

ለቫይረስ የሚጮሁት፦ ኤምኤክስኤ፣ አይፒ-10፣ ትሬል

እስካሁን ያየናቸው በአብዛኛው "ባክቴሪያ አይደለም" በማለት ነው ወደ ቫይረስ የሚያደርሱን። እነዚህ ግን ቀጥታ ናቸው። ኤምኤክስኤ ኢንተርፌሮን ሲደወል ሴል ውስጥ የሚመረት ፕሮቲን ነው፤ ባክቴሪያ ብዙም አያነሳሳውም። አይፒ-10፣ ሌላው ስሙ ሲኤክስሲኤል10፣ ተዋጊ ሴሎችን ወደ ቦታው የሚጠራ መልእክተኛ ነው። ትሬል ቫይረስ ሲኖር ይጨምራል፣ ባክቴሪያ ሲኖር ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ የሰጠው ሚሜድ ቢቪ የተባለ ምርመራ ትሬልን፣ አይፒ-10ንና ሲአርፒን አንድ ላይ ለክቶ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ከ35 በታች ወደ ቫይረስ ያደላል፣ ከ65 በላይ ወደ ባክቴሪያ፣ በመሃል ያለው አልለየለትም። መሃል ላይ ሲወድቅ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ወደ ራጁና ወደ ሐኪሙ እጅ ተመለሱ። ምልክቱ ከጀመረ ከሰባት ቀን በታች ለሆነ ሰው የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ያ የጻፋችሁት ቀን እዚህ ይፈለጋል።

ሌላው ፌብሪዲኤክስ ነው። ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ ኤምኤክስኤንና ሲአርፒን አብሮ የሚያይ። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ግን በአሜሪካ የተሰጠው ፈቃድ ከ12 እስከ 64 ዓመት ላለ ሰው ነው። 64! ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች በር ላይ ይቆማል። ከየትኛውም ፈጣን ምርመራ ሳጥን ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን ወረቀት አውጥታችሁ የዕድሜውን መስመር አንብቡ የምለው ለዚህ ነው። 80 ዓመት የሆናቸው ሰው ላይ ሲሠራ ውጤቱ የግድ ስህተት አይሆንም፣ ግን ያ ቁጥር ለእሳቸው ዕድሜ የተፈተነ አይደለም።

አፍንጫ ውስጥም መለካት ይቻላል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ለፒሲአር በተወሰደው ናሙና ውስጥ ሲኤክስሲኤል10ን መለካት የመተንፈሻ ቫይረስ ያለበትን ሰው ከሌለበት ለመለየት ይረዳል። መልካምነቱ ቫይረሱን በስም አለማወቁ ነው። ምርመራው ውስጥ ያልተካተተ ቫይረስ ቢሆንም ማንቂያው ይሰማል።

አሁን መጥፎው ዜና። አንዳንድ አዛውንቶች የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ከ70 ዓመት በላይ ከሆኑ ያልታመሙ ሰዎች 4 በመቶ ገደማው ላይ ተገኝቷል፣ በኮቪድ ከሞቱት ደግሞ 20 በመቶ ገደማው ላይ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ቫይረሱ እየፈነጨ የኢንተርፌሮን ጠቋሚዎቹ ዝቅ ብለው ሊገኙ ይችላሉ። በሌላ ወገን ሉፐስ የሚባለው በሽታና የኢንተርፌሮን መርፌ ያለ ቫይረስ ኤምኤክስኤን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ "ኤምኤክስኤ ኔጌቲቭ፣ ቫይረስ የለም" ብሎ ሰውን ወደ ቤት መላክ አይሆንም።

አንቲቦዲ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

አንቲቦዲ ላይ ሰው ብዙ ተስፋ ያደርጋል። ከአንቲቦዲ ዓይነቶች አይጂኤም "አዲስ ኢንፌክሽን"፣ አይጂጂ "የድሮ ኢንፌክሽን" ተብሎ ስለተማርን። መሠረቱ ልክ ነው፣ ግን አዛውንት ላይ ቀዳዳው ብዙ ነው። አንቲቦዲ ለመውጣት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ለኢንፍሉዌንዛና ለኮቪድ አጣዳፊ ሕመም ስለዚህ አይጠቅምም። ሰውየው ወይ ድነዋል ወይ ከብዶባቸዋል።

አይጂኤም በሐሰት ፖዘቲቭ ይወጣል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባል አንቲቦዲ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ደግሞ ጤነኛ ሰዎችም ላይ እየበዛ ይሄዳል። ተመሳሳይ ቤተሰብ ያላቸው ቫይረሶችም ይምታታሉ። የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰው የዴንጊ ምርመራ ላይ ሊያደናግር ይችላል። ሲኤምቪ ለሚባለው የተለመደ ቫይረስ አይጂጂ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ፣ አብዛኛው አዛውንት ከዓመታት በፊት የያዘው ነው። በአንቲቦዲ አዲስ ኢንፌክሽንን በትክክል ማረጋገጥ ከተፈለገ ሁለት ናሙና ነው፤ አንዱ በሕመሙ መጀመሪያ፣ ሌላው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ መጠኑ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ከጨመረ ነው የሚታመነው።

አንቲቦዲ በእውነት የሚያገለግለው ቀስ ብለው በሚቀመጡ ቫይረሶች ላይ ነው። ሄፓታይተስ ቢን እንይ። የላይኛው አንቲጂን (የቫይረሱ የውጭ ሽፋን ፕሮቲን፣ HBsAg) ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁን አለ። እሱ ኔጌቲቭ ሆኖ የላይኛው አንቲቦዲ (anti-HBs) ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ ክትባት ነው። የላይኛውም የውስጠኛውም (anti-HBc) አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ከሆኑ ድሮ ይዟቸው ለቋቸዋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ግን ሪቱክሲማብ ወይም ከባድ ስቴሮይድ ሊጀምሩ ከሆነ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ሊነቃ ስለሚችል ለሐኪሙ መነገር አለበት። ሄፓታይተስ ሲ ላይ ደግሞ አንቲቦዲው ከዳኑም በኋላ ስለሚቆይ፣ ፖዘቲቭ ሲመጣ ቀጣዩ እርምጃ የቫይረሱን አርኤንኤ ማስለካት ነው። ኤችአይቪም አይረሳ። አዛውንትን ማንም ስለማይጠይቅ ዘግይቶ ይገኛል።

አልማዝ ባለጭራ ግን ደም አይፈልግም። በአንድ ጎን ብቻ በቀበቶ መልክ የወጣ የሚያቃጥል ሽፍታ ካያችሁ የአንቲቦዲ ውጤት አትጠብቁ፤ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚሻለው፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ጥርጣሬ ካለ ከውሃ መቋጠሪያው ፒሲአር ይሠራል።

አንድ ላይ ሲነበብ

ሦስተኛ ቀናቸው ነው እንበል። ሙቀት ከወትሮው በ1.2 ከፍ ብሏል፣ ሲአርፒ 30፣ ፕሮካልሲቶኒን 0.08፣ ሊምፎሳይት 700፣ ኩላሊት ደህና፣ ስቴሮይድ የለም። ይህ ሥዕል ቫይረስ ነው የሚለው። ፒሲአር አሠሩ፣ ኔጌቲቭ ቢሆን ሰፋ ያለ ይጠየቅ ወይም ናሙናው ይደገም። ሽንት ላይ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ ሐሳብ አትቀይሩ፤ ብዙ አዛውንቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ምንም ሳይታመሙ ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይዘው ይኖራሉ። የሚያቃጥል ሽንት ወይም የጎን ሕመም ከሌለ ሽንቱ ወንጀለኛ ላይሆን ይችላል። አያቴ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሌላ። ኢንፍሉዌንዛ በፒሲአር ተረጋግጧል፣ በአራተኛው ቀን ተሻላቸው፣ በስድስተኛው ቀን ሕመሙ ተመልሶ ጠናባቸው። ሲአርፒ ከ40 ወደ 15 ወርዶ ነበር፣ አሁን 160 ነው። ፕሮካልሲቶኒን 1.4። ቫይረሱ በከፈተው በር ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አብዛኛውን ሰው የገደለው እንዲህ ያለ ተከታይ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ነበር። "ቫይረስ ነው ተብሏል" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። መጀመሪያ የተገኘው ቫይረስ ልክ ነበር፣ ሁለተኛው ሕመም ሌላ ነው።

ውጤት የማይጠበቅበትም ጊዜ አለ። ትንፋሻቸው በደቂቃ ከ25 በላይ ከሆነ (ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ በሁለት አታባዙ)፣ ኦክስጅናቸው ከ90 በታች ወይም ከወትሮው በግልጽ ከወረደ፣ ድንገት ሰው መለየት ካቃታቸው ወይም እንቅልፍ ከበዛባቸው፣ የላይኛው ግፊት ከ90 ከወረደ፣ ሽንት ካቆሙ፣ ቁጥር ማንበብ ይቅርና ሐኪም ቤት ግቡ። ሲአርፒው እዚያም ይሠራል።

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ደግሞ "ቫይረስ ነው ባክቴሪያ?" ብላችሁ አትጀምሩ፣ መልሱ "አይታወቅም" ይሆናል። እንዲህ በሉ፦ "ሕመሙ የጀመረው ማክሰኞ ነው፣ ወትሮ ሙቀታቸው 36.1 ነው፣ በጤናቸው ሲአርፒ 3 ነበር፣ ይህን ይህን መድኃኒት ይወስዳሉ። ሊምፎሳይታቸው ዝቅ ያለው ለምንድነው? ከአፍንጫ ናሙና ይወሰድ? ሲአርፒው መቼ ይደገም?" ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አያቴ ድነዋል። ከወር በኋላ ለግፊታቸው ክትትል ደም ሲሰጡ ሲአርፒም እንዲጨመር ጠየቅን፣ 4 ወጣ። ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፌበት ፌስታሉ ውስጥ ከላይ አስቀመጥኩት።